ሠላሳ ሰከንድ

ስቱዲዮ የምንለው
ፒያሳ፣ ከባንኩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤
ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱን በስፖንጅ ብንደፍነው
የባጃጅ ጡሩምባ ሳናስፈቅደው ዜና አብሮን እሚያነበው።

ሐሙስ ማታ ነበር። አምስት መስመር ዜና
ከደብተር ገንጥዬ ጽፌያለሁ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ገና፦

«አርባ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ የነበረ
የአንገረብ ሞተር ትናንት ሌሊት ተናገረ።
ባለሙያው አቶ አትርሳው ደረበ
መለዋወጫ ቢያጣ ከወዳደቀ ብረት ሽቦ ሰበሰበ፤
በእጁ ጠመጠመው። የማራኪ ቧንቧ ሲነጋጋ ተንጠባጠበ።»

ይኸው ነው። በሰዓት ለክቻታለሁ፤ ሠላሳ ሰከንድ ናት፣
ትንፋሽ ሳይቆራረጥ፣ ሳይቸኩሉባት።

አርባ አንድ ቀን ማለት፣ ለማያውቅ ላስረዳ፦
አንድ ጀሪካን ውሃ በሠላሳ ብር፣ ያውም በዕዳ፤
ሌሊት በባትሪ ቀሃ የወረደ፣ አህያ የነዳ፤
አዋላጅ እጇን የታጠበችው በሃይላንድ ኮዳ።

በሩ ተበረገደ። የሻረግ፣ ዋና አዘጋጇ፣
ስልኩ እየተንቀጠቀጠ በእጇ።
«ሞተ» አለች።
ማን? አላልኩም። መታመሙን ከሰው ሰምቻለሁ፤
እኔም እንደ አገሩ ሁሉ ድምፁን ለምጃለሁ፤
በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ካሴት የርሱ ነው።
አልዋሽም፣ አልቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ዜና የለም፤
ከዚያ ወዲያ ዓለም
አንድ ሳጥን ሆነች፣ አንድ ጥቁር መነጽር፣
ሆስፒታሉ በር ላይ የቆሙ መኪኖች ቁጥር፣
የልብስ ሰፊው ቃል፣ ቀጥሎም የልብስ ሰፊው ጎረቤት ምስክር።
እኔም የድርሻዬን፤ አልቀረሁም ከሰው፤
አንዴ ጎንደር መጥቶ፣ ከሃያ ዓመት በፊት፣ ያደረበትን ሆቴል አስታውሼው
አስተናጋጁን ፈልጌ አገኘሁ። «ምን አዘዘ?»
«ጥብስ ነው። ወሬ ይዞ ሳለ ግን ቀዘቀዘ።»
ያ የቀዘቀዘ ጥብስ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በአየር ተጓዘ።

ዓርብ «ነገ» ተባለ። ቅዳሜም «ነገ»።
የቀጥታ ስርጭቱ፣ ከቀብሩ አስቀድሞ፣ ልምምድ ተደረገ።
ወረቀቴም ታጥፎ፣ ከጃኬቴ ኪስ ውስጥ፣ ከሎተሪ ጋር ዝምድና ፈለገ።

ማታ ስልክ ጮኸ። አትርሳው ነው፤ ድምፁ የተሰበረ።
«የዛሬው ላይ ነኝ ወይ?» ሊለኝ መስሎኝ ፊቴ አፈረ።
«ሰማህ አይደል?» አለ፣ «ያ ሰውዬ እኮ... ሽቦውን ስጠመጥም
እርሱን ነበር የምከፍተው፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ። ያለ እርሱ ዘፈን አልችልም።»
ዝም አለ ለአፍታ። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጄ ግን ሬዲዮኑን አልዘጋ አለች፤
ስምህን ሳልሰማ አልተኛም ብላ ሦስት ሌሊት አመሸች።»

ስሙን ያወጡት እናቱ ናቸው፣ ከእርሱ በፊት ሦስት ቀብረው፤
ለእግዜር ይሁን ለሰው፣
ማንን እንደሚለምኑ ሳይናገሩ፦
አትርሳው።

እሁድ ቀብር ነበር። እኛ ቤት ደግሞ
አርባ አንድ ቀን የቆየው ክምር፣ ታቅፎ፣ ተሸክሞ፣
አንሶላ፣ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ ሁሉ ወደ ጓሮ ወጣ፤
ቧንቧችን ሳለች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ውሃ መጣ።
እንጉዳይ፣ ባለቤቴ፣ እንባዋን በክርኗ እየጠረገች፣
ሬዲዮው መስኮት ላይ፣ አረፋው እጇ ላይ፣ ጃኬቴን ፈተገች።
ኪሱን አላየችም።
ዜናውን ያጠበው ዜናው ራሱ ነው፤ በማንም አልፈርድም።

ማታ ከገመድ ላይ ኪሱን ገለበጥኩት። ወረቀቱ እንደ ገንፎ ላልቷል፤
ሞተሩ፣ አንገረብ፣ ማራኪ፣ የአባቱም ስም ጠፍቷል፤
ከራሱም ስም ላይ ፊት ፊቱን ሁለት ፊደል ውሃው ወስዷል።
«ርሳው» የምትል ብቻ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ቀርታለች።

ከጓሮ ቧንቧችን ገና ታንጠባጥባለች።
ሄድኩና ዘጋኋት፤
ጠበቅ አድርጌ።