ስምንት ሰዓት ከቀኑ

ቶሊዶ በረዶ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሞላ
ሎሪን በምርኩዟ፣ ዊላዲን ከኋላ፣
እኔም በጎማ ወንበር፣ ሳሎን እንገባለን፣
ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት እንደረደራለን።

ድራማው ካለቀ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ፤
እግር ግን ያውቀዋል፣ አይጠፋውም ሰዓቱ።

«ዶክተር ኤሜሪን እኮ ሁለት ጊዜ ቀበርነው!»
«ሦስተኛ ሲመጣ፣ ‹መንታው ነኝ› ሲል፣ አመንነው!»
ሎሪን ስትስቅ ሳሏ ይነሳል።

የሌሊት ፈረቃ፣ ጠርሙስ ስንቆጥር አድረን፣
ልጅ አጥበን፣ ሸኝተን፣ ቁራጭ እንቅልፍ ሰርቀን፣
በዚያች አንድ ሰዓት ግን ማንም አይነካንም፤
ስልክ ቢጮህ፣ ድስት ቢያር፣ እኛ ቤት የለንም።

ጸሐፊዋ ኦዴት ነበረች።
በደቃቅ ፊደል ስሟ ሲወጣ ስክሪኑ ላይ
ምንጣፉ ላይ እንበረከካለን፣ ቀርበን እንድናይ።
ሌላው ሲጽፍ ይጽፋል፤ እሷ ግን ትጥፍ ነበር፤
የተቀደደ ትዳር፣ የተተረተረ ፍቅር፣
የእኛንም ጨምራ።

ያባረሯት ዓመት ሰዎቹ ተለወጡ፤
ያው ፀጉር፣ ያው ቀሚስ፣ የሰው አፍ ይዘው መጡ።

ሃርላን የሞተ ሳምንት ማርጎ ልጇን ቀበረች።
ለባሌ እምቢ ያለች እንባ ለማርጎ ፈሰሰች።
ሠላሳ ዓመት ደበቅኩት። ዛሬ ነገርኳቸው።

ዊላዲን ብርድ ልብሴን ጉልበቴ ላይ ሳበች።
«ያን ዕለት ደውዬ ነበር» አለች፣
«ማስታወቂያ ሲገባ። አላነሳሽም።»
«አላነሳሁም።»

ሎሪን አፍንጫዋን ጠረገች፦
«በቃ፣ ከማስታወቂያ ተመለስን።
ዶክተሩ የት ደርሶ ነበር?»