ፈቃድ

መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ፣ ከሰልፉ መሐል፣
«ፈቃድህ አልፏል» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።
የቱ ነው ያለፈው? ዛሬ ጎህ ሲቀድ
ከአልጋ ያስነሣኝ የገዛ ፈቃድ?
ብሩሽ አስይዞ አሞራ ገደል የወሰደኝ፣
«የሀሜሶን ጀልባ በቀይ ቅባው» ያለኝ?
እሱማ አላለፈም፤ አብሮኝ ተሰልፏል፤
እንዲያውም ከኋላ በክርኑ ይገፋል።

ላቲሶ ነው ስሜ፤ መኖሪያዬ አቶቴ፤
ታፔላ ጸሐፊ፣ እንደ ሟች አባቴ።
የዓሣ ቤቱን ዓሣ ጥርስ አውጥቼ ያሳቅሁት፣
የዳልኬን ፀጉር ቤት ጎፈሬ ያበጠርሁት
እኔ ነኝ። ሞኖፖል ሰፈር (ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ)
ጎማ ቤቱ በር ላይ «ጎማ እንጠግባለን» ያልሁም እኔው ነኝ፤
«ና» መሆን ሲገባው እጄ «ባ» አደረገው።
አገር ሳቀብኝ። ሲስቅ ግን ጎማውን ይዞ መጣ፤
ባለቤቱም «ተው አትንካው» አለኝ፣ «ስሕተትህ እንጀራ አወጣ።»

በጥቅምት ደብዳቤ ደረሰ፤ ማኅተሙ እንደ ዳቦ ክብ፦
«ለከተማችን ውበት፣ ለእይታ ሥርዓት ሲባል፣
ግድግዳና ታፔላ በሙሉ ነጭ ይቀባ።
ሥዕል የተከለከለ ነው። የፊደል ቁመት አንድ ስንዝር።»

ሐይቁን ማን ጠየቀው? ማታ ማታ ቀይ፣
ወይን ጠጅ፣ ብርቱካን ሲለብስ ያለ ይሁን ባይ?
አባ ኮዳ እንኳ፣ ኮረጆ ባንገቱ፣
ዓሣ አራጁን ከቦ ቆሞ እስከ ምሽቱ፣
የደረሰውን ሆድ ዕቃ ውጦ ዘወር ይላል፤
ግብሩን ተቀብሎ «እንዲህ ቁረጥ» ብሏል?

ዓሣዬ ማንን ነከሰ? ጎፈሬው የማንን ዓይን ወጋ?
ያልወደደው ዞር ይበል፤ መንገዱ ሰፊ ነው፤
ሌላ ሰዓሊ ይጥራ፤ ይብለጠኝ፤ ልቅና።
አባቴ ብሩሽ ሲያጥብ እንዲህ ይለኝ ነበር፦
«በትዕዛዝ የተቀባ፣ ልጄ፣ ቶሎ ይላጣል።»

ይህን ሁሉ ሳወራ ሎሚታ ሰማችኝ፤
«አንተ ነጻነት ስትል» አለች፣ «ጎርፍ ትዝ አለኝ።
አምና ቤታችን ደጅ ውሃው ሲያገሳ
ቦዩን ማን ቆፈረው? ወይስ ያ ተረሳ?»
አልተረሳም። ለቦዩ ከፍያለሁ፤ ነገም እከፍላለሁ።
ጎርፉን ይገድቡት፤ ደግ ነው፤ እሺ እላለሁ።
እጄ ግን ጎርፍ አይደለም።

በሳምንቱ ጠሩኝ። «ተደራጅ፤ ሥራ አለ፤
ነጩን አንተው ቅባ፤ ክፍያው ደህና ነው» ተባለ።
ተቀበልሁ። ለምን እዋሻለሁ? የቤት ኪራይ
ፍልስፍና አያውቅም፤ ወር ሲሞላ ቆሟል በር ላይ።
መሰላል ወጥቼ የዳልኬን ጎፈሬ
በኖራ ለቀለቅሁት፣ በዳልኬው ግብር፣
ዳልኬ ከታች ቆሞ እያየኝ።
«በገንዘቤ» አለ፣ መቀሱን ኪሱ ከቶ፣
«ራሴን ላጨኸኝ።»
ሳቀ። ሳቁ ግን ነጭ ነበር።

ሰፈሩ ነጣ።
ነጻ ግን ማን ወጣ?

አሁን ልናዘዝ (መስኮት ሦስት ይህን አይስማ)፦
ኖራው ላይ ውሃ አበዛሁ።
ማንም አላዘዘኝ፤ ማንንም አላስፈቀድሁ፤
በገዛ ፈቃዴ፣ ቀጠን አድርጌ በጠበጥሁ።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ከታቦር ጀርባ ደመና አረገዘ፤
ሌሊቱን ቆርቆሮ እየጎሰመ ዘነበ፤ ኖራው ተጓዘ
ቁልቁል፣ ወደ ቦዩ። ያ የከፈልንበት፣
ሎሚታ የተሟገተችለት ቦይ
ወተት ጠጥቶ አደረ።
ንጋት ላይ መጀመሪያ የዓሣው ጥርስ ታየ፤
ቀጥሎ «እንጠግባለን»፣ ከነ«ባ»ው፣ እንዳለ።
ዳልኬ ሱቁን ሊከፍት መጥቶ ቀና አለ፤
ጎፈሬው በስሱ፣ እንደ ጎረምሳ ጢም፣
ከነጩ ሥር ብቅ ብሏል።
ቁልፉን እንደያዘ ብዙ ቆየ።
«ፀጉር አይደል» አለኝ፣
«ይበቅላል።»