ሦስተኛ ወገን

ኦባን ላይ ይዘንባል፤ ሞራግ ስልክ ይዛለች፣
የወንድሟን ሞተር በመስኮት ታያለች።
«ሦስት ዓይነት ነው ያለን፦ የሦስተኛ ወገን፣
እሳትና ስርቆት፣ ወይም ሙሉ ሽፋን።
ሙሉው ይሻልሻል፤ እንቅልፍ ነው የምሸጥ።»
ዋጋውን ሲጠራ ብስኩቷ ሻይ ውስጥ ቅልጥ።

ይህ አሮጌ ሞተር አራት መቶ ፓውንድ ነው፤
ቢጋጭ አምስት መቶ፣ ቀድሞ ከኪሷ የሚወጣው።
ታዲያ ምን ይሸፈን?

ከቁልቁለቱ ሥር፣ ከጠመዝማዛው ጋ፣
ፈርገስ ይሻገራል ሌሊቱ ሲነጋ፣
ጆሮው የከዳውን ውሻ አስከትሎ፣
ግራ ቀኝ ሳያይ፣ መንገዱን የኔ ብሎ።
ሦስተኛው ወገን ለካ ወገን ነው።

«የወገኑን ስጠኝ» ብላ ስልኩን ዘጋች፤
በተረፈው ገንዘብ ሰንሰለት ገዛች፣
የመርከብ የሚያህል፤ ለሌባው ይበቃል።
ለእሳቱ? ኦባን ላይ ዝናብ መች ያባራል!