የሾላዋ ድምፅ

አሥራ ሁለት ቤት ነን፣ በመሐል አጥር የሌለን፣
ሐይቁ እስከ ጓሮ መጥቶ «እንዴት አደራችሁ» የሚለን።
ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክዳኑ የሐዋሳ ቄጤማ፤
ውኃችን ከሰማይ፣ መብራታችን ከፀሐይ፣ ዕዳችን ከከተማ።
አንድ ማድ ቤት አለን፣ አንድ ትልቅ ድስት፤
ባለተራው ሲያበስል ሌላው ይላል፦ «ጨው አነሰበት»።

አንድ መዝገብም አለን፤ እኔ ነኝ የምጽፈው፤
ማን ስንት ባልዲ ቀዳ፣ የብስባሹን ጉድጓድ ማን ገለበጠው።
ሠላሳ ዓመት ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ቆጥሬ፣
ጡረታ ወጣሁ ስል፣ ባልዲ ቆጣሪ ሆንኩ ዛሬ።

በግቢው መካከል አንዲት ሾላ አለች፤
ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ እኛ ስንመጣ ነበረች።
ጉሬዛዎች ከላይዋ፣ ነጭ ጅራታቸውን አንዠርግገው፣
ጠዋት ጠዋት ቁልቁል ያዩናል፣ እንደ ግምገማ ኮሚቴ፣ እጃቸውን አጣምረው።

ታዲያ አምና፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
አንድ ቅርንጫፏ አድጎ በማድ ቤቱ ቆርቆሮ፣
በፀሐይ ሰሌዳው ላይ ጥላ አመጣ።
ባትሪው ሳይጠግብ ያመሻል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ድርግም ይላል፤
የዳንጉሬ ትልቁ ልጅ ለማትሪክ በሻማ ያጠናል።

ስብሰባ ተጠራ። ትቆረጥ ወይስ አትቆረጥ?
ደንባችን ግልጽ ነው፤ ነገር ሁሉ በድምፅ ነው የሚቆረጥ።
ሐመሶ ዓሣ አጥማጁ፣ ታንኳውን ሾላዋ ሥር የሚጠግነው፣
«እሷስ?» አለ፤ «እሷ ድምፅ የላትም?»
ሳቅን፤ የቀለደ መስሎን ነው።
አምስት «ትቆረጥ»፣ አምስት «ትቆይ»፤ ሐመሶ ዝም አለ።
የቀረው የእኔ እጅ ነው፤
እጄ፣ እስክሪብቶ እንደያዘ፣ ከፍ አለ።
ጻፍኩት በመዝገቡ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ፣
ባንክ ቤት እንደለመድኩት፦ «ወጪ፣ ቅርንጫፍ አንድ። ገቢ፣ መብራቱ»።

መጋዝ መጣ ከፒያሳ፣ በባጃጅ ተጭኖ፤
ቅርንጫፏ ወደቀ፣ ፍሬው በየደጁ ተበትኖ።
ከቁስሏ ነጭ ወተት ሦስት ቀን ወረደ፤
የዳንጉሬ ትንሹ ልጅ ጥጥ ይዞ ሄደ።

በአራተኛው ቀን መብራት! ግቢው እንደ ሠርግ ቤት፤
በኩራት ቆጠርኩ አሥራ ሁለት መስኮት።
በአምስተኛው ጠዋት ቀና ብል፣ ጉድ አየሁ፤
(እስከ ዛሬ ስናገረው የሚስቅብኝ አላጣሁ)
ቦታቸውን ያጡት ጉሬዛዎች በሙሉ
ሰሌዳው ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።
እናት ልጇን ታቅፋ፣ አባት ጅራቱን ዘርግቶ፣
አንዱ ሽማግሌ ደግሞ፣ ይቅርታ፣ እዚያው ተጸዳድቶ።

«ቅርንጫፍ ዘግተሽ ደንበኛው የት ይሂድ?» አለኝ ሐመሶ፣
መረቡን እየጠገነ፣ ሳቁን በጥርሱ ነክሶ።

አሁን ተራው የማይዞር ሥራ አለኝ፤ ማንም አላዘዘኝ፤
ያነሣሁት እጅ ነው የያዘኝ።
በየማለዳው መሰላል፣ ባልዲ፣ ጨርቅ፤
አባ ኮዳው መላጣውን ደፍቶ ያየኛል ከሩቅ።
ጉሬዛዎቹ ስደርስ ትንሽ ጠጋ ይሉልኛል፤
እስክጨርስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ አንዱ ያዛጋብኛል።

ግን ከዚያ ከላይ ሐይቁ ይታያል እስከ ማዶ፤
ጉማሬው ሌሊቱን ግጦ ሲመለስ፣
ሸምበቆውን አጋድሞ፣ ከብዶ፤
አሥራ ሁለቱ ጣራም ከላይ ሲታይ
የማን የማን እንደሆነ አይለይም።
ይህን መዝገቤ ላይ የማሰፍርበት ዓምድ የለኝም።

ትናንት ከጉቶው ጎን ቀንበጥ አየሁ፣ ጣት የሚያክል፤
ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ስብሰባ ላይ እጁን እንዳወጣ ሰው፣
«እኔስ?» እንደሚል።

የዚያን ቀን ገጽ ገለጥኩ። አልሰረዝኩም።
ከሥሩ ጨመርኩ፦ «አንድ ድምፅ፣ ዘግይቶ የደረሰ»።
ከታች ድስቱ ተንኳኳ፤
ቁርስ ደረሰ።