ዳገት ላይ መነሳት

አርባ ዓመት ነድቻለሁ የስፌት መኪና፣
የተማሪ ኮሌታ በመርፌ ሳቀና።
በእግሬ ብልሃት ማንም አያማኝም፤
መሪ ያለውን ግን እጄ ነክቶ አያውቅም።
መሪ የኤራስሞ ነው፣ የባሌ፣ የብቻው፣
ከእኛ ኮረብታ ጫፍ እስከ ወደቡ መውረጃው
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ጭኖ ሲመላለስ፣
እኔ ምሳ ቋጥሬ በር ድረስ ወጥቼ ስመለስ።

ቫልፓራይሶ ስትሠራ ሜዳ የተረሳ፣
ቤት በቤት ትከሻ ተንጠላጥሎ የተነሳ፣
ውቅያኖሱ ከታች ሆኖ ጣራ ጣራዋን የሚያይ፤
እዚህ የማይነዳ ሰው በእግሩ ይወጣል ወደ ሰማይ።

ስኳሩ ቀስ ብሎ ዓይኑን ሲዘርፈው
መጀመሪያ የታርጋ ቁጥር ነው ያጠፋው፤
ቀጥሎ የሰው ፊት፤ ቀጥሎ ቀይ መብራት።
አንድ ማክሰኞ ማታ ቁልፏን አኖራት
ከጨው ማስቀመጫው ጎን፣ ሳንጨርስ ራት።
መኪናዋ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆመች፤
ድመት ኮፈኗ ላይ ሦስት ጊዜ ወለደች።
«ሽጧት» አሉ ልጆቹ። ዝም አለ፤ ዝም አልኩ።
በማግስቱ ማልጄ ለመንጃ ፈቃድ ተመዘገብኩ፣
በስልሳ ሁለት ዓመቴ።

አስተማሪ ቢሉኝ፣ ያለኝ አስተማሪ
ዓይኑ የማያይ ነው፣ ጆሮው ግን መርማሪ።
እሁድ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ከውሻ በቀር ፍጡር በሌለበት መንገድ፣
ግድግዳ ይዞ ይወጣል፤ እጁ ልማዱን አይስትም፣
ሁልጊዜ ወደ ሾፌሩ በር። «እዚያ አይደለም» አልለውም።
ራሱ ትዝ ይለውና፣ ኮፈኗን እየዳበሰ
ዞሮ ይገባል በቀኝ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ።

«መስኮት ክፈቺ» ይላል፤ «ሞተሯን ልስማት።
አሁን አለቀሰች፤ ሦስተኛ ስጪያት።
ፍሪሲዮን እንደ በረሮ አይጨፈለቅም፣
በዝግታ ልቀቂው፤ ሮጦ አያመልጥም።»
ዳቦ ሲሸት ወደ ግራ፤ ዓሣ ሲሸት ፍሬቻ፤
ኮብልስቶኑ ሲነቀንቀን ሁለተኛ ማርሽ ብቻ።
ካርታውን ባፍንጫው ያነበዋል፣ በወገቡ ይለየዋል፤
ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፤ መንገዱን ግን እሱ ያየዋል።
የወጥ ቤት ወንበር አወጣን ለፓርኪንግ ልምምድ፤
አንዱን አነከስኩት። ሌላው ተረፈ፣ በግድ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት፤
የእጅ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ፍሪሲዮን... እፍ እንዳሉት እሳት
ጥፍት።
እንደገና። ጥፍት።
ከላይ የሚወርድ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ፤
እግሬ ፍሬን ፈለገ፣ ፍሬን ከቦታው ጠፋ።
ሸርተት፣ ሸርተት... ጓ! የዶን ኢሳውሮ ሱቅ፤
የሎሚው ሣጥን ተደፋ፤ ሎሚ ቁልቁል ሲፈናጠቅ፣
በደረጃው ሲነጥር፣ ልጅ ሲያሳድደው በሳቅ፣
መሬት በዋጠችኝ ስል፣ ኤራስሞ ጆሮውን አቅንቶ
«ስንት ይሆናል?» አለኝ፤ «ሃምሳ ሎሚ? መቶ?»
ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሁት ጥርሱ
ባንዴ ፊቱን ሞላው። ከፍለን ተመለስን፣ እኔና እሱ።

ያን ማታ ነው የነገረኝ፦ «ኦርቴንሲያ፣ ክር በመርፌ
ስታስገቢ፣ ትንፋሽሽን ትይዢ የለ?
መኪናም እንደዚያ ናት። ያን ጊዜ ልቀቂው» አለ።

ፈታኟ ያስና ትባላለች፤ ጥፍሯን ሰማያዊ ቀብታ፣
ከልጄ ልጅ ጥቂት ብትበልጥ ነው፤ አትስቅም ላንድ አፍታ።
«አጃቢ አይፈቀድም» አለች። ኤራስሞ አግዳሚው ላይ ቀረ፣
በትሩን በጉልበቱ መሀል ይዞ፣ ጆሮውን ወደ መንገድ አዞረ።

ተነሳሁ። መስኮት ከፈትኩ። «ብርድ ነው» አለች፤ «አውቃለሁ» አልኩኝ።
ዜብራው ላይ አንዲት አሮጊት አሳለፍኩ፤ በእኔው ዕድሜ ናት፤ ሳቅ አለችኝ።
ዳገቱ መሀል «አቁሚ» ተባልኩ። አቆምኩ።
ከኋላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መኪና፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።
ክሩን ወደ መርፌው አቀረብኩ።
ትንፋሿን ያዘች። ያዝኩ።
ለቀቅኩ።

ስንመለስ፣ ሞተር ሳላጠፋ፣ ኤራስሞ ካግዳሚው ተነሳ፤
«ከሁለት ወደ ሦስት ዘገየሽ» አለኝ፤ «ልብሽ ሎሚውን አልረሳ።»
ያስና ገና ትጽፋለች፤ ጥፍሯ ሰሌዳ ያንኳኳል።
በጆሮው ጠጋ አልኩና፣ «ያለፍኩ ይመስልሃል?»
«እኔ ምን አይቼ!» አለ። በትሩን አጠፈና ኮፈኗን በመዳፉ ለካ፤
ዛሬ እጁ፣ መጀመሪያ፣ የቀኙን በር ነካ።