ጭራ አወጣ?

ከኩሽናው ምስማር እርጥብ ሻሽ ሰቅዬ፣
ውስጡ ያለው ማሾ እስኪነቃ ብዬ፣
ማታ ሦስት ሰዓት፣ ሌሊትም አንድ ጊዜ
እየተነሣሁኝ ውሃ እረጫለሁ።
እናቴ ካልጋዋ፣ ዐይኗን ሳትገልጠው፣
«ጭራ አወጣ?» ትላለች። «ገና ነው» እላለሁ።

ይህን የተማርነው ከሐኪም አይደለም።
ሐኪሙስ ያላት «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፤
ቅጠል፣ ጥራጥሬ፤ ጠላ ግን ክልክል ነው» ብቻ ነው።
ጠላ ጠምቃ ልጅ ላሳደገች ሴት ምን ዓይነት ፍርድ ነው!

ከቀሃ ማዶ ነው፣ በድሮው ግቢያችን፣
ቲቸር ሳራማ የምትባል ህንድ
የኋላዋን ክፍል የተከራየች ጊዜ።
ሒሳብ ታስተምራለች፤ ጸጉሯ የኮኮናት ዘይት ይሸታል፤
ሰፈሩ «ሣራ እማ» እያለ ስሟን ለሁለት ከፍሎታል።

ቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዤላት ወርጄ
ማሾ ስትገዛ አየሁ፣ ፍሬ በፍሬ፣
የፈተና ወረቀት እንደምታርም፦
ነቀዝ የበላው ዜሮ። ጠጠር ዜሮ። የተሸበሸበ ዜሮ።
ሻጩ አያ መልሰው መስፈሪያውን አስቀምጠው
«ሴትዮ፣ ትገዢዋለሽ ወይስ ትድሪዋለሽ?» አሉ።
ለእናቴ ብነግራት ሳምንት ሙሉ ሳቀች።

ማታ ዘፈዘፈችው፣ ጠዋት አጠለለችው፣
ባሮጌ ሻሽ ቋጥራ ከምስማር ሰቀለችው።
እናቴ ዘርትሁን፣ እጇ ጌሾ እንደሸተተ፣
ጉዱን ልታይ መጥታ፦
«እስቲ ጠይቅልኝ፤ ከማሾ ነው እንዴ በነሱ አገር ጠላ?»
እኔ ስምንተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛዬ ጎዶሎ፣
«ቢራ ልትሠሪ ነው?» ብዬ ተረጎምኩት፣ ምላሴ ተንከባሎ።

ሳራማ ሳቀች። እናቴም እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት፣
የጉሎ ቅጠሉን ገልጣ ብቅሏን አሳየቻት።
ገብሱ ጎንቁሎ፣ ሥር በሥር ተጠላልፎ፣
ከሥሩ ሙቀት ይወጣዋል፣ እንደ ሕፃን ትንፋሽ።
ሳራማ መዳፏን ሰደደች፤ ቶሎ አላወጣችውም።
ሁለቱም ጎንበስ እንዳሉ አስተርጓሚው ተረሳ።

ማታ እናቴ ለብቻዋ፣ እንስራ እያጠነች፦
«የኔን ብቅል ገና ነቃ ሲል አደርቀዋለሁ፣
እፈጨዋለሁ፣ ከጌሾ ጋር እከድነዋለሁ።
እሷ ግን እንደነቃ... ከነነፍሱ ልትበላው ነው?»

ረቡዕ ጭራ አወጣ፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ጠማማ፣
በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ እንደተሰካ ኮማ።
ሽንኩርት ከተፈች፣ ቲማቲም፣ ፍሬው የወጣ ቃሪያ፣
የድምብላል ቅጠል በጣቷ ቆራረጠች፣
ሎሚ ጨምቃ፣ ጨው ነስንሳ፣ ድንገት ቆም አለች።
«ኮኮናት» አለች፤ ወደ ቀሃ ተመለከተች።
ቀሃ ዳር ባሕር ዛፍ እንጂ ኮኮናት የለም።
ቃሉን የማታውቀው እናቴ ጉድለቱን አወቀችው፤
የመተማ ሰሊጥ፣ አመስ አመስ አድርጋ፣
በእፍኟ አምጥታ ላዩ ላይ ዘራችው።
ሳራማ ቀመሰች።
ዐይኗን ጨፈነች።
እስክትገልጠው ድረስ ማንም አልተናገረም።

ሁዳዴ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ አማትባ ጎረሰች፤
ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁት ከጥርሷ ሥር።
«ጥሬ ነው» አለች። ደግማ ጎረሰች።
«ደግሞ ጥሬ አይመስልም። ሚጥሚጣ ነው የጎደለው።»

ኮንትራቷ ሲያልቅ ባዘዞ አውሮፕላን ሄደች፤
አድራሻዋን በደብተር ቅጠል ጽፋ ሰጥታን ነበር፤
ጠላ ፈሰሰበት።
የቀረን ሻሹ ነው፣ ከምስማሩ ጋር።

ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ሎሚው ተቆርጦ ይጠብቃል።
የእናቴ ዐይን ደክሟል፤ በጣቶቿ ዳበሰችው፣
ብቅል እንደምታይበት በዚያው በድሮ እጇ።
«አውጥቷል» አለች።
ከመሃል አንዲት ድቡልቡል፣ ጭራ የሌላት ፍሬ
ለይታ ሻሹ ውስጥ መልሳ አስቀመጠቻት፦
«ዜሮ አትስጣት፤ ነገም ቀን ነው።
ይልቅ ሚጥሚጣውን አቀብለኝ።»