ምዕራፍ ሰባት ላይ

ባለ ቀይ ክር ቁልፍ ሰጠኋት ለእንጉዳይ፣
ገና ገጽ ሁለት ላይ፣
ከእናቷ ቤት ስትወጣ፣ ሳይገላለጥ ሰማይ።
ከዚያ ወዲያ ቁልፉ እንቅልፍ ነሳኝ፤
ምዕራፍ በከፈትሁ ቁጥር ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።
ሠርጉ ላይ አንጠለጠልሁት፣ ለቅሶው ላይ አንጠለጠልሁት፣
ጉልት ስትቀመጥ ከሎሚው መሀል ወሸቅሁት፣
የክሩን ቅላት ብቻ ሁለት ገጽ ሙሉ ተረክሁት።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣
ተሳፋሪ ሲጠፋ ረቂቄን የሚያነበው፤
አንድ ምሽት ደብተሩን መሪው ላይ አስደግፎ ዘጋው፦
«ቁልፉንስ አየነው።
ልጅቱ ጀልባው ጋ የምትደርሰው መቼ ነው?»

ተናደድሁ። ልክ ስለነበረ መሰለኝ።

በማግሥቱ ቁልፉን ከየገጹ ነቅዬ ጣልሁት፣
ታሪኩን እንደ እሱ ባጃጅ ቁልቁል ለቀቅሁት፤
ከጊዮርጊስ ሽምብጥ፣ ከሽምብጥ ዓባይ ማዶ፣
ሰው ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ተድሮና ተዋልዶ፤
በአሥራ አንድ ገጽ ሦስት ሰው ቀበርሁ፣
አንዱን እንኳ ሳላለቅስ ተሻገርሁ።
እንጉዳይም ሮጠች። ዞር በይ ብዬ ብጠራት፣
የተጠረገ ሰሌዳ፣ ፊት አልነበራት።

መብራቱም ሄደ።
ሲነጋጋ ወረድሁ ጣና ዳር፤
አለበል ደንገል ዘርግቶ ታንኳ ሲያስር
በጉልበቱ ይጫናል፣ ገመዱን በጥርሱ ይስባል፤
ቋጠሮ።
ከዚያ ባዶ ደንገል፣ ረጅም፣ ዝም ያለ፣
ዓይኔ ቋጠሮውን እስኪረሳው የቀጠለ፤
ከዚያ ቋጠሮ።
«በስንት በስንት ስንዝር ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ፀሐዩን ከለልኸኝ» አለ። ፈቀቅ አልሁለት።

አባቴ ምሎ ይናገራል፣ ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ሳይቀላቀል ያልፋል፤
እኔ ስንት ዓመት አፈጠጥሁ፤ ሐይቁ ቆሞ ይውላል፣
ፔሊካን ይንሳፈፋል፣ ፌስታል ይንሳፈፋል።
ድልድዩ ሥር ሲደርስ ነው የሚያሳብቅበት፦
የቆመ የመሰለኝ ውኃ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር ከጥንት።

ዛሬ ማታ ተመለስሁ ወደ ምዕራፍ ሰባት።
ከሦስቱ ሙታን ሁለቱን አስነሣሁ፤ አንዱን፣ ጋሽ ደሴን፣ አለቀስሁለት።
ጀልባው ጥሩምባ ነፍቶ ገመዱን ይፈታል፤
እንጉዳይ በኮረቱ ላይ እየሮጠች ነው፣ ነጠላዋ ይጎተታል።
ቁልፉን አላወጣሁትም፤
ቀይ ክር የሚል ቃል ገጹ ላይ የትም የለም።
ብቻ እግሯ መሬት በነካ ቁጥር፣ ማንም ሳያየው፣
ኪሷ ውስጥ አንድ ነገር
ከሳንቲም ጋር ይንቃጨላል።